«አበድኩ እንዴ?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የሚደርሱን ደብዳቤዎች ላኪያቸው ይለያያል እንጂ ነገራቸው አንድ ዓይነት ነው፦ በፍቅርና በትዳር ውስጥ ያለ፣ ዱላ የሌለው በደል። አብዛኞቹ ላይ የተመታ የለም። ጎረቤት የሰማው ጩኸትም የለም። ግን ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ እያለቀ ነው። ስለዚህ የዚህን እትም ገጽ በሙሉ ለነሱ ሰጠነው። ስም አናወጣም፤ ሰው ሊያስለይ የሚችል ዝርዝርም ቀንሰናል።

ጥያቄ፦ 27 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ከእጮኛዬ ጋር ሁለት ዓመት ሆነን። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ታስሮ፣ ሰርጋችን ለጥር ተቆርጧል። ችግሬ ምን እንደሆነ በትክክል መናገር አልችልም፤ ችግሬም እሱ ነው። ባለፈው ቦሌ 11 ሰዓት እንገናኝ አለኝ። ሄድኩ፣ የለም። ስደውል «እኔ 12 ነው ያልኩሽ፤ መቼ ነው አንዴ እንኳን በደንብ የምትሰሚኝ?» ብሎ ጮኸብኝ። ቴሌግራሜን ስከፍት መልዕክቱ የለም፤ አጥፍቶታል። እኔ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አሁን የሚጽፍልኝን ሁሉ ስክሪንሾት ማንሳት ጀምሬያለሁ። ይህን ሳደርግ ደግሞ ራሴን እጠላለሁ፤ እጮኛዋን የምትሰልል ሴት ሆንኩ። ሲናደድ «አእምሮሽ ልክ አይደለም፣ ሐኪም ያስፈልግሻል» ይለኛል። በነጋታው አበባ ይዞ ይመጣል። ሰው ፊት ማር ነው፤ እናቴ ከኔ ይልቅ ለሱ ታደላለች። አበድኩ እንዴ?

መልስ፦ አላበድሽም እህቴ። ስክሪንሾት ማንሳት የጀመርሽው የገዛ ትዝታሽን ማመን ስላቃተሽ ነው። ትዝታሽን ማመን ያቃተሽ ደግሞ የምትወጂው ሰው ያየሽውን «አላየሽም»፣ የሰማሽውን «አልሰማሽም» ሲልሽ ስለከረመ ነው። ማንም ሰው አንቺ ቦታ ቢሆን ወይ ስክሪንሾት ያነሳል ወይ ደብተር ይይዛል።

ሰዓት መሳሳት የማንም ነው። የተሳሳተ ሰው ግን «ውይ፣ የኔ ጥፋት ነው» ይላል፤ ግትር ከሆነም «እስቲ ቴሌግራሙን እንየው» ብሎ ይከራከራል። ቴሌግራም ላይ የላክሽውን መልዕክት ከራስሽም ከተቀባዩም ስልክ ማጥፋት ይቻላል፤ ሰውም ለብዙ ምክንያት ያጠፋል። የቀጠሮውን መልዕክት ከሁለታችሁም ስልክ አጥፍቶ ከዚያ «መቼ ነው የምትሰሚኝ» ብሎ የሚጮህ ሰው ግን ረስቶ አይደለም። ሲያጠፋው የተጻፈውን አንብቦታል።

አስቸጋሪው ነገር እያንዳንዱ ጸብ ለብቻው ሲታይ ተራ መሆኑ ነው። ለእናትሽ ብትነግሪያት «በቀጠሮ ሰዓት ተጣላን» ነው የሚሆነው፤ ትስቅብሻለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ የተጣላችሁበትን ምክንያት ለጊዜው ተይውና መጨረሻውን እዪ። ሁልጊዜ ይቅርታ የምትጠይቀው ማን ናት? ከእያንዳንዱ ጸብ በኋላ አንድ ነገር የሚቀነስበትስ ማን ነው? መጀመሪያ «ያቺ ጓደኛሽ አላማረችኝም» ተብሎ አንዷ ትቀራለች፣ ቀጥሎ የምትወጂው ቀሚስ፣ ቀጥሎ የማታ ትምህርት፣ ቀጥሎ ስልክ በነጻነት ማንሳት። አምና ይህን ጊዜ ቅዳሜን አብረውሽ የሚያሳልፉ ሰዎች ዛሬም አሉ? ከሌሉ እንዴት እንደቀሩ አንድ በአንድ አስታውሺ።

ሰው ፊት ማር መሆኑ ግራ አጋብቶሻል። እኔ ግን ከደብዳቤሽ ሁሉ ብዙ የነገረኝ እሱ ነው። ቁጣውን መቆጣጠር የማይችል ሰው እናትሽ ፊትም ያመልጠው ነበር፣ አለቃው ፊትም ያመልጠው ነበር። የሱ ግን አንዴም አያመልጠውም። ማን ላይ፣ የት፣ መቼ እንደሚቆጣ ያውቃል ማለት ነው።

አበባውን በተመለከተ፣ ሌኖር ዎከር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1979 እ.ኤ.አ. በደል ያለባቸውን ቤቶች አጥንታ ሦስት ደረጃ ያለው ዑደት አስቀምጣለች፦ ውጥረቱ ቀስ እያለ ይጨምራል፣ ይፈነዳል፣ ከዚያ ፍቅርና ይቅርታ ይመጣል። ሁሉም ቤት በዚህ ቅደም ተከተል አይሄድም፤ አንዳንዱ ቤት ሦስተኛው ደረጃ ጭራሽ የለውም። ያንቺ ግን አለው። ሴቶችን የሚያስረውም ብዙ ጊዜ ይኸው ሦስተኛው ነው። ምክንያቱም ያ አበባ የያዘው ሰው ውሸት አይመስልም፤ መጀመሪያ የወደድሽው ሰው እሱ ነውና «እውነተኛው ይሄ ነው፣ የትናንቱ ተናዶ ነው» ትያለሽ። ሁለቱም እሱ ነው። የትናንቱ ሰውዬ አበባ ሲይዝ ጥፋቱን በስሙ ጠርቶ «መልዕክቱን አጥፍቼው ነው» ብሎሽ ያውቃል? ካላለሽ አበባው ዝም ማሰኛ ነው።

አንድ ነገር ሞክሪ። ትንሽ ነገር ላይ እምቢ በይው። «ቅዳሜ አልመጣም፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር ቡና እንጠጣለን» በይውና ምክንያት ሳትደረድሪ ዝም በይ። ቢከፋው ምንም አይደለም፣ ሰው ይከፋዋል፣ ያልፍለታል። ነገር ግን ሦስት ቀን ስልክ ከዘጋብሽ፣ የአክስትሽን ልጅ ካጥላላ፣ ወይም «ሰርጉንም እናስብበት» ብሎ ካስፈራራሽ አንድ ሲኒ ቡና ምን ያህል እንደሚያስከፍልሽ አየሽ። ይሄ ከሰርግ በፊት ያለው ዋጋ ነው። (እጁን ያነሳብኛል ብለሽ የምትፈሪ ከሆነ ግን ይህን አትሞክሪ። በተለይ አንድ ጊዜ እንኳን አንገትሽን ይዞሽ ከሆነ ነገሩ ከምክር ዓምድ ያለፈ ነው፤ ቀጥታ ወደ ቤተሰብሽና ወደ ፖሊስ ሂጂ።)

ስክሪንሾቶቹን አታጥፊ፣ ለሱም አታሳዪው። ብታሳዪው ወሬው ወዲያው «ለምን ትሰልይኛለሽ» ይሆንና የሱ መልዕክት ማጥፋት ይረሳል። እሱ ከማይከፍተው ስልክ ላይ አስቀምጪው፣ ወይ ለአንድ የምታምኛት ሰው ላኪያት። ሐኪሙን በተመለከተ፣ ከፈለግሽ ሂጂ፣ የአእምሮ ሐኪም ማየት አያሳፍርም፤ ብቻሽን ግን ሂጂ፤ እሱ አጠገብሽ ተቀምጦ ሕመምሽን እንዲያወራልሽ አይደለም።

ሰርጉ ይራዘም ማለት ያስፈራሻል፣ ይገባኛል። አዳራሹ ተይዟል፣ ካርዱ ወጥቷል፣ ዘመድ ሰምቷል። የአዳራሽ ቀብድ የሚያስቆጭ ብር ነው፤ ከዚያ በላይ ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ 31 ዓመቴ ነው፣ ወንድ ነኝ፣ አዳማ ነው የምሠራው። ከፍቅረኛዬ ጋር መለያየት ከፈለግኩ ዓመት አልፎኛል። ባነሳሁት ቁጥር ራሴን አጠፋለሁ ትላለች። ባለፈው ሳምንት ክኒን መዳፏ ላይ ዘርግፋ ፎቶ ላከችልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳባብላት አደርኩ። ጓደኞቼ «ድራማ ነው፣ ናቅ አድርጋት» ይላሉ። ብትሞትስ?

መልስ፦ ጓደኞችህን በዚህ አትስማ። ሰው ራሴን አጠፋለሁ ሲል ሁልጊዜ እውነት ነው ብለህ ውሰደው። «እስቲ አድርጊው» የሚባል ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ፣ በንዴትም ቢሆን።

ግን እውነት ነው ብሎ መውሰድና አብሮ መቆየት ለየቅል ናቸው። ከልቧ ልትሞት የምትፈልግ ሊሆን ይችላል፤ አንተን ማስቀሪያ አድርጋው ሊሆንም ይችላል፤ ሁለቱም ባንድ ላይ ሊሆንም ይችላል። አንተ ይህን መለየት አይጠበቅብህም፣ ሐኪም አይደለህም። የሚጠበቅብህ ብቻህን አለመያዝ ነው። ፎቶው እንደገና ከመጣ ለእህቷ ወይም ለእናቷ ያኔውኑ ደውል፣ ፎቶውን ላክላቸው፣ «ሂዱላት» በላቸው። አጠገቧ ካለህ በቅርብ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት። አዲስ አበባ ድረስ መምጣት የሚቻል ከሆነ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። «ምስጢሬን አወጣህብኝ» ብላ ትቆጣለች። ትቆጣ። ምስጢሩ ነው ሁለታችሁንም እያሰቃየ ያለው።

መለያየቱን በዚያ ሌሊት አትወስን፣ ቃልም አትግባ። ቀን ላይ፣ ቤተሰቧ ባወቀበት ሁኔታ፣ አጭር አድርገህ ንገራት። «ደህና እንድትሆኚ እፈልጋለሁ፤ ፍቅረኛሽ ሆኜ ግን አልቀጥልም።» ነገ ስትደውል ያንኑ ድገም። አንዴ «እሺ በቃ አልሄድም» ካልክ ክኒኑ እንደሚሠራ አስተማርካት።

አንተም የምታወራው ሰው ይኑርህ። ወንድ ልጅ በሴት አይሸበርም የሚሉህ ሰዎች ያንን ሌሊት አላደሩትም።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከደሴ ነው። ልጄ አዲስ አበባ ከተዳረች አራት ዓመቷ። ባሏ አይጠጣም፣ አይመታትም፣ ያስቀድሳል። ግን ልጄ ጠፋችብኝ። ስደውል ሁልጊዜ ስልኩን በላውድ ታደርገዋለች፤ እሱ ከኋላ ሲያስል ይሰማኛል። ትሠራለች፣ ደመወዟ የሚገባበት ካርድ ግን እሱ ጋ እንደሆነ አንዴ አምልጧት ነገረችኝ። ለፋሲካ እመጣለሁ ብላ ዋዜማው ላይ ቀረች። ብቻዋን አንዴ አግኝቻት «እማዬ፣ እኔ እኮ ምንም አላውቅም፣ እሱ ባይኖር ምን እሆን ነበር» አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅ ናት! እህቶቼ ትዳር ነው ትቻለው ይላሉ። ሽማግሌ ልላክ ወይስ ሄጄ ልጄን ላምጣት?

መልስ፦ እናቴ፣ ሁለቱንም ለጊዜው ይተዉዋቸው። ምክንያቴን ልንገርዎት።

ሽማግሌ ክቡር ነገር ነው፣ ብዙ ቤት አድኗል። ግን ሽምግልና የሚሠራው ሁለት ሰዎች እኩል መናገር ሲችሉ ነው። እዚህ ቤት ምን እንደሚሆን አስቡት። ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፣ ቡና ይፈላል፣ እሱ ተነስቶ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሁሉ ይችላል። «እስቲ አንቺ ተናገሪ» ትባላለች። ምን ትበል? በላውድ አስወራኝ ትበል? ካርዴን ያዘብኝ ትበል? ቀልድ ይመስላል። እሱ ደግሞ እየተረጋጋ «ድካም በዝቶባት ነው፣ ይገባኛል» ይላል። ሽማግሌዎቹም እንደ ደንባቸው ለሁለቱም ትንሽ ትንሽ ጥፋት ሰጥተው፣ አስታርቀው፣ መርቀው ይሄዳሉ። በሩ ከተዘጋ በኋላ «ገመናዬን አደባባይ አወጣሽው» የሚባለው ያን ጊዜ ነው፤ የሚቀጥለው ስልክም በላውድ እንኳን አይመጣም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ብዙ ሰው አሁንም ፍቺ በሽማግሌ የሚወሰን ይመስለዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ የሚወስኑት። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺን ለፍርድ ቤት አድርጎታል፤ ለሽማግሌ የተረፈው የማስታረቁ ሥራ ነው። ስለዚህ ልጅዎ አንድ ቀን ብትወስን የሽማግሌ ፈቃድ አያስፈልጋትም። በትዳር ውስጥ ሠርታ ያገኘችው ገንዘብም የጋራ ነው፤ ንብረት በሱ ስም ቢመዘገብ እንኳን የግሉ መሆኑን ካላስረዳ የሁለቱ ነው ተብሎ ይወሰዳል። «ባዶ እጅሽን ነው የምትወጪው» እየተባለች ሊሆን ይችላልና ይህን ማወቋ ይጠቅማታል።

ሄደው ማምጣቱስ? ያመጧታል፣ በሁለተኛው ሳምንት ትመለሳለች። «እኔ ምንም አላውቅም» የምትል ልጅ ውሳኔ ሲወሰንላት ነው የኖረችው። እርስዎም ቢወስኑላት ያው ነው፣ የሚወስነው ሰው ብቻ ነው የተቀየረው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለች ሴት እስክትወጣ ድረስ ደጋግማ ትመለሳለች። ዘመድ በዚህ ይናደድና «ሁለተኛ አትጥሩኝ» ይላል። ያኔ ባልየው ልጅዎን ከሰው ለመነጠል አራት ዓመት የለፋበትን ሥራ ዘመድ ራሱ ጨረሰለት። እርስዎ ያቺ ዘመድ አይሁኑ።

ታዲያ ምን ላድርግ ካሉኝ፣ ይደውሉ። በየሳምንቱ፣ ባንድ ሰዓት፣ ሳይቀሩ። በላውድ የሚወራውን እሱም ይሰማዋልና እሱ ቢሰማው ችግር የሌለውን ያውሩ። የሽንኩርት ዋጋ፣ የጎረቤት ልጅ ሰርግ፣ አሮጌው ቤት ያፈሰሰበት። እሱን በክፉ አያንሱት፣ በደግም ብዙ አያወድሱት። የዚህ ወሬ ጥቅሙ ስልኩ እንዳይዘጋ ነው።

ብቻዋን ያገኙዋት ቀን፣ ለቅሶ ላይም ይሁን ክርስትና ላይ፣ «ለምን አትወጪም» አይበሏት። ያየችውን ያስነግሯት እንጂ። «ካርድሽ እሱ ጋ መሆኑ አንቺን እንዴት ያደርግሻል?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። ልጄ ሞኝ ናት የሚል ነገር ፊትዎ ላይ እንዳታይ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች መሆኗንም አያስታውሷት፤ እሷም በየሌሊቱ እያለችው ነው፣ ኀፍረቷን ነው የሚጨምርባት። ይልቅ ድሮ ብቻዋን የሠራችውን ያንሱላት፣ ጎበዝነቷ ለራሷ ጠፍቶባታል።

አንድ የምትግባቡበት ቃልም ይኑራችሁ። ለምሳሌ በስልክ «እማዬ፣ በርበሬው አለቀብኝ» ካለች «ነይልኝ» ማለት ይሁን። በላውድም ቢሆን በርበሬ በርበሬ ነው። እርስዎ ጋ ደግሞ የመታወቂያዋና የጋብቻ ምስክር ወረቀቷ ኮፒ፣ ትንሽ ጥሬ ገንዘብ፣ አንድ ቅያሪ ልብስ ይቀመጥ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚያምኑት ሰው ቤት ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው፤ በርበሬው ያለቀ ቀን ደሴ ሩቅ ነው።

የሕግ ምክር በፈለገች ጊዜ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ለሴቶች በነጻ ያማክራል። መውጫ ካጣች የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበር መጠለያ አለው። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ እስከ ዛሬ እጁን ያላነሳ ሰው ሚስቱ ልትሄድ መሆኑን ያወቀ ቀን ሊያነሳ ይችላል፤ ከሁሉም የሚያሰጋው ያ ቀን ነው። ስለዚህ ስትወስን ለማንም አይንገሩ፣ ለእህቶችዎም ጭምር።

ጥያቄ፦ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴ የአሜሪካ ዜጋ ነው፣ በሱ ነው የመጣሁት። ከመጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ፣ ግሪን ካርዴ የሁለት ዓመት ነው። ፓስፖርቴን እሱ ነው የያዘው፣ ደመወዜ የሚገባው በሱ አካውንት ነው። በተጣላን ቁጥር «አንድ ስልክ ብደውል ነገ ወደ ኢትዮጵያ ያሳፍሩሻል» ይለኛል። ካልፈረመልኝ እውነት ይመልሱኛል?

መልስ፦ በአንድ ስልክ ማንም አያሳፍርሽም። የግሪን ካርድሽን ጉዳይ የሚወስነው መንግሥት እንጂ ባልሽ አይደለም። እሱ ያለው አንድ ፊርማ ነው፤ እሱም ቢሆን ሊታለፍ ይችላል።

የሁለት ዓመቱ ካርድ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ካርዱ ቋሚ እንዲሆን ባልና ሚስት አንድ ላይ አይ-751 (I-751) የሚባለውን ፎርም ይሞላሉ። እሱ የሚያስፈራራሽ በዚህ ነው። ነገር ግን ጋብቻው ከልብ የተደረገ ከሆነና ትዳሩ ውስጥ ድብደባ ወይም ከባድ ጭካኔ ደርሶብሽ ከሆነ ያንኑ ፎርም ብቻሽን ማስገባት ትችያለሽ፣ 90 ቀኑንም መጠበቅ የለብሽም። ከባድ ጭካኔ የሚባለው የግድ ዱላ አይደለም። ማስፈራራት፣ ከሰው መነጠል፣ ገንዘብ መያዝ፣ በኢሚግሬሽን መሸበር ሁሉ ተደምሮ ይታያል። ግሪን ካርድ ገና ላልያዙ ደግሞ ቫዋ (VAWA) የሚባለው፣ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከት የ1994 እ.ኤ.አ. ሕግ አለ፤ ባል ሳያውቅ፣ ሳይፈርም፣ ራስሽ የምታመለክችበት። ስሙ ስለ ሴቶች ቢሆንም ወንዶችም ያመለክቱበታል። ቫዋ ላይ ያመለከተ ሰውን ጉዳይ ኢሚግሬሽን ለበዳዩ እንዳይነግር ሕጉ ራሱ ይከለክላል።

ጋብቻው ከልብ እንደነበር የሚያሳይ ነገር ከአሁኑ ሰብስቢ፦ የሰርግ ፎቶ፣ የሁለታችሁም ስም ያለበት የቤት ኪራይ ውል፣ ታክስ፣ አብራችሁ የተጓዛችሁበት ትኬት። ማስፈራሪያውን በጽሑፍ ልኮልሽ ከሆነ እሱንም። ፎርሙን ግን በዘመድ በኩል «ፎርም እሞላለሁ» የሚል ሰው ጋ እንዳትወስጂ። ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው፤ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ በነጻ የሚቆሙ ድርጅቶች አሉ።

የት ልጀምር ካልሽ የአሜሪካ ብሔራዊ የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር 1-800-799-7233 ነው። ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ ነጻ ነው፣ አስተርጓሚ ያገናኙሻል፤ ሲያነሱ «አምሃሪክ» በያቸው። ከራስሽ ስልክ ግን አትደውይ። የስልክ ሂሳቡ በሱ ስም ከሆነ የደወልሽበት ቁጥር ቢል ላይ ይወጣል። ከሥራ ቦታ ደውይ። አሁን አደጋ ላይ ከሆንሽ 911።

የደመወዝሽን ነገር ቀስ ብለሽ አስቢበት። አዲስ አካውንት መክፈት ቀላል ነው፣ ደመወዝሽ የቀረ ቀን ግን እሱ ያውቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የምታርፊበት ይገኝ። የፓስፖርቱን ነገር ለጠበቃዋ ንገሪያት፣ ለፓስፖርቱ ስትይ ግን አትጣዪ፤ ዋሽንግተን ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሌላ ያወጣልሻል።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ 20 ዓመቴ። የቀድሞ ፍቅረኛዬ ያኔ የላክሁለትን ፎቶ «ካልተመለስሽ ግሩፕ ላይ እለቅቀዋለሁ» እያለኝ ነው። ቤተሰቦቼ ከሰሙ መኖር አልችልም።

መልስ፦ አትመለሺ፣ ብር አትላኪ፣ ሌላ ፎቶም አትላኪ። አንዴ ከሰጠሽው ነገ ሌላ ይጠይቅሻል። ብሎክ ከማድረግሽ በፊት ማስፈራሪያውን ከነስልክ ቁጥሩና ከነቀኑ አስቀምጪ።

ይሄ ወንጀል ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ሰውን በምስል ወይም በጽሑፍ ማስፈራራትን እስከ ሦስት ዓመት እስራት ያስቀጣል፣ ከባድ ከሆነ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት። ፖሊስ ጣቢያ ብቻሽን አትሂጂ፤ ትልቅ ሰው፣ ከተቻለም ሴት ጠበቃ ይዘሽ ሂጂ። ኢንተርኔት ላይ ስቶፕ ኤንሲአይአይ (StopNCII.org) የሚባል ነጻ አገልግሎትም አለ፤ ፎቶው ከስልክሽ ሳይወጣ ዲጂታል አሻራውን ብቻ ወስዶ እንደ ፌስቡክና ኢንስታግራም ባሉት ላይ እንዳይጫን ያግዛል። ከ18 ዓመት በላይ ላሉ ነው፣ አንቺን ይመለከትሻል።

ከቤተሰብሽ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ምረጪና ዛሬ ማታ ንገሪ። አክስት ትሁን፣ ታላቅ ወንድም ይሁን፣ የማይጮኸውን አንቺ ታውቂያለሽ። «መኖር አልችልም» ያልሽው አስፈርቶኛልና ይህን ሌሊት ብቻሽን አታሳልፊው። እሱ የሚተማመነው ለማንም እንደማትነግሪ ነው። አንድ ሰው ካወቀ ግማሽ ጉልበቱ አለቀ።

ጥያቄ፦ ሚስቴ ያለፈውን የዚህን ዓምድ እትም ጠረጴዛ ላይ ክፍት አድርጋ ትታልኝ ሄደች። አነበብኩት። ስናደድ ሳምንት አኮርፋለሁ፣ ስልኳን አያለሁ፣ የት እንዳለች ሎኬሽን አስልካለሁ። ቀንቼ ነው። እዚያ የተጻፈው ዓይነት በዳይ እኔ ነኝ ማለት ነው?

መልስ፦ ማኩረፍ ሁሉ በደል አይደለም። ተናዶ «ነገ እናውራ» ብሎ ዞር ማለት ጤነኛ ነገር ነው። ሳምንት ሙሉ ዝም ብለህ እሷ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ እየዞረች ይቅርታ ስትጠይቅህ፣ አንተም ይህን እያየህ ዝም ካልክ ግን ያ ቅጣት ነው። ሎኬሽን ማስላኩ ደግሞ ስም አያስፈልገውም።

እንደዚያ ዓይነት ሰው ነህ ወይ ላልከኝ፣ መልሱ እሷ ጋ ነው፣ እኔ ጋ አይደለም። መጽሔቱን ክፍት አድርጋ ትታ የሄደችው በአፏ መናገር ስለፈራች ይመስለኛል፤ የምትፈራህ ከሆነ ደግሞ ጠይቀሃትም እውነቱን አትነግርህም። ስለዚህ መጀመሪያ አድርግ። ከስልኳ ውጣ፣ ሎኬሽን አትጠይቅ፣ ስትቀና ለሷ ሳይሆን ለአማካሪ ንገር። ይቅርታ ስትጠይቅ «ግን አንቺም» የሚለውን ቁረጠው። ወር፣ ሁለት ወር ይሄ ከቀጠለ፣ ያኔ ምናልባት በደንብ ትነግርህ ይሆናል። የምትነግርህ «እሄዳለሁ» የሚል ከሆነም በሩ ላይ አትቁምባት።